ስለ አራቱ አራዊትና ስለ ምድር መንግሥታት፤ በነቢዩ ዳንኤል ራእይ ላይ የቀረበ የታሪክ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጎንደር ከተማ መካከል፤ ከፋሲል ግቢ አጠገብ፤ ፒያሳ የሚባል ሠፈር አለ። ስሙ ግእዝም አማርኛም አይደለም፤ የኢጣልያ ሰዎች በቋንቋቸው አደባባይ ሲሉ ነው። ጎንደርን በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. ይዘው እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በገዙበት ዘመን በዚያ ስፍራ ቤት ሠሩ፤ መንገድ አቀኑ። እነርሱ ሄዱ፤ ስሙ ቀረ። ከዚያው ሳይርቅ በነገሥታቱ ግቢ ቅጥር ውስጥ ደግሞ የአንበሳ ቤት አለ፤ የነገሥታቱ አንበሶች ይጠበቁበት የነበረ ነው። እንዲህ በመሆኑ የሮማውያን ስምና የአንበሳ ማደሪያ በአንዲት ከተማ ጎን ለጎን ተገኙ። በዚህችው ከተማ ነቢዩ ዳንኤል ያያቸው የአራቱ አራዊት ነገር ለብዙ ዘመን በጉባኤ ተነቧል። ከአራቱ ፊተኛው አንበሳ ነው፤ ኋለኛውን ደግሞ ከአበው ብዙዎቹ ሮም ነው ብለውታል። ስለዚህ አውሬው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ለጎንደር ሰው የንባብ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ከደጁ ድረስ የመጣ ጥያቄ ነው።

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. በዐፄ ፋሲል ተቈርቍራ የመንግሥት መቀመጫ ከሆነች በኋላ የመጻሕፍት ትርጓሜ በእርስዋ ደረጀ። ንባቡ ግእዝ ነው፤ ትርጓሜው ግን ሕዝብ በሚሰማው በአማርኛ ተነገረ። መምህሩ ቃሉን በአንድ መንገድ ከፈታው በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላ መንገድ ይጨምራል። ሁለተኛው ፍቺ የፊተኛውን አያፈርሰውም፤ ከጎኑ ይቆማል እንጂ። በ18ኛው መቶ ዓመት መምህር ኤስድሮስ ትምህርቱን መርምረው ባቀኑት ጊዜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በሁለት ወገን ተለየ፤ የታች ቤት አባት እርሳቸው ናቸው። ጉባኤውም ብሉይ፤ ሐዲስ፤ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ይከፈላል፤ ዳንኤል ከብሉዩ ነው። አንድም ማለት ምን ይጠቅማል ቢሉ፤ ችኵል ሰው አንዱን ፍቺ ብቻ ይዞ እንዳይሮጥ ያግደዋል። ራእይን የሚፈታ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለመሮጥ ይፈተናል፤ ጠላቱን በአውሬ ስም፤ ራሱንና ወገኑን በቅዱሳን ስም ለመጥራት ይቸኵላልና።

የራእዩ ነገር እንዲህ ነው። ዳንኤል በባቢሎን ንጉሥ በብልጣሶር ዘመን በሌሊት ሕልም አየ። አራቱ ነፋሳት ታላቁን ባሕር ሲያናውጡት ከባሕሩ አራት ታላላቅ አራዊት ተራ በተራ ወጡ። ፊተኛው አንበሳ የሚመስል፤ የንስር ክንፍ ያለው ነው። ክንፉ ተነቀለ፤ ከምድርም ተነሥቶ እንደ ሰው በሁለት እግሩ ቆመ፤ የሰውም ልብ ተሰጠው። ሁለተኛው ድብ ይመስላል፤ በአንድ ጎኑ ከፍ ብሏል፤ በአፉም ሦስት የጎድን አጥንት ይዟል። ሦስተኛው ነብር ነው፤ አራት ክንፍና አራት ራስ አለው። አራተኛው ግን በታወቀ አውሬ ስም አልተጠራም፤ ጥርሱ ብረት ነው፤ ዐሥር ቀንድ አለው። ከቀንዶቹም መካከል ትንሽ ቀንድ በቅላ ሦስቱን ነቀለች፤ በእርስዋም ላይ የሰው ዓይንና ትዕቢት የሚናገር አፍ ታየ። ከዚህ በኋላ ዙፋን ተዘረጋ፤ ፍርድ ሆነ፤ አራተኛው አውሬ ተገደለ፤ የሰው ልጅ የሚመስልም በደመና መጥቶ የማያልፍ መንግሥት ተቀበለ። መልአኩም አራቱ አራዊት ከምድር የሚነሡ አራት መንግሥታት እንደ ሆኑ ለነቢዩ አስረዳው።

በዚህ ላይ አስቀድሞ የሚመረመር አንድ ነገር አለ። የግእዙ መጽሐፍ ዳንኤል ያያቸውን «አራዊት» ይላቸዋል። ዮሐንስ በራእዩ በዙፋኑ ዙሪያ ያያቸውን፤ ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 8 ቀን በዓላቸውን የምታከብርላቸውን አራቱን ግን «እንስሳ» ይላቸዋል። እነዚያ መንግሥታት ናቸው፤ እነዚህ ዙፋኑን የሚሸከሙ ሰማያውያን ናቸው። ቍጥራቸው አራት በመሆኑ ያልተማረ ሰው አንድ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ ስለዚህ ግእዙ በስም ለያቸው። ነገር ግን አንበሳ በሁለቱም ወገን ይገኛል። በዳንኤል ከባሕር የወጣ አውሬ ነው፤ በዮሐንስ ከዙፋኑ አጠገብ የቆመ ነው። ንስርም እንዲሁ ነው። እንግዲህ መልኩን አይቶ ብቻ ክፉ ነው ወይም በጎ ነው ማለት አይቻልም፤ ከየት እንደ ወጣና ምን እንደ ሠራ መጠየቅ ይገባል።

ታሪክ። ፊተኛው አውሬ ባቢሎን ነው፤ በዚህ ላይ ተርጓሚዎች አይጣሉም። አንበሳ የአራዊት ንጉሥ እንደ ሆነ ናቡከደነፆር የነገሥታት ንጉሥ ሆኖ ነበርና። የንስር ክንፍ መባሉ ስለ ሠራዊቱ ፍጥነት ነው። ክንፉ መነቀሉና የሰው ልብ መሰጠቱ ደግሞ በዚያው መጽሐፍ በአራተኛው ምዕራፍ የተነገረውን ያስታውሳል፤ ናቡከደነፆር በትዕቢቱ ከሰው ተለይቶ እንደ በሬ ሣር በላ፤ ዓይኑን ወደ ሰማይ ባነሣ ጊዜ ግን ልቡናው ተመለሰለት። ባቢሎን ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ539 ዓመት በፋርሱ ንጉሥ በቂሮስ እጅ ወደቀች።

ሁለተኛው ድብ የሜዶንና የፋርስ መንግሥት ነው። ድብ በኢትዮጵያ ምድር አይገኝም፤ ስለዚህ የጎንደር ደቀ መዝሙር ይህን አውሬ በዓይኑ ሳያየው በቃል ብቻ ይማረዋል። በአንድ ጎኑ ከፍ ማለቱ ከሁለቱ ሕዝብ ፋርስ በሜዶን ላይ ስለ በረታ ነው። በአፉ የያዛቸው ሦስቱ የጎድን አጥንቶች ቂሮስና ልጁ ካምቢስ የያዟቸው ሦስት መንግሥታት፤ ልድያ፤ ባቢሎንና ግብፅ ናቸው። አንድም በአንድ ዘውድ የተጠቀለሉ ፋርስ፤ ሜዶንና ባቢሎን ናቸው።

ሦስተኛው ነብር የግሪክ መንግሥት ነው። ነብርን የስሜን ደጋ ሰው ያውቀዋል፤ ሳይሰማ ቀርቦ በአንድ ዝላይ ከመንጋው መካከል ነጥቆ ይሄዳል። እስክንድር ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ334 ዓመት ወደ እስያ ተሻግሮ በ331 የፋርስን ንጉሥ ድል ነሣ፤ በ323 በባቢሎን ሞተ። ከተነሣበት እስከ ሞተበት ዐሥራ አንድ ዓመት ብቻ ነው። አራቱ ራሶች ከእርሱ በኋላ ግዛቱን የተካፈሉ የጦር አለቆች ናቸው፤ በጥሊሞስ በግብፅ፤ ሴሌውቆስ በሶርያና በባቢሎን፤ ካሳንድሮስ በመቄዶንያ፤ ሊሲማኮስ በትራቄ። ይህም ነገር ከኢትዮጵያ የራቀ አይደለም። ከበጥሊሞስ ዘር ሦስተኛው በጥሊሞስ በአዱሊስ ወደብ በድንጋይ ላይ ያስጻፈው ጽሕፈት ነበር፤ በውስጡም ከኢትዮጵያ ምድር በታደኑ ዝሆኖች ዘምቶ ኤፍራጥስን እንደ ተሻገረ ይናገራል። የነብሩ አንዱ ራስ እስከ ኢትዮጵያ ጠረፍ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

አራተኛው ማን ነው ቢሉ፤ ክርክሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዳንኤልን የተረጐመው ሂጶሊጦስ ሮም ነው አለ፤ ከእርሱም በኋላ ብዙዎች ተከተሉት። ብረት ጥርስ መባሉ የሮም ሠራዊት ያገኘውን ሁሉ ስለ ቀጠቀጠ ነው። በሱርስት ቅጂዎች ግን አቈጣጠሩ ሌላ ነው፤ ባቢሎን፤ ሜዶን፤ ፋርስ፤ ግሪክ ተብሎ ሜዶንና ፋርስ ለየብቻ ይቈጠራሉ፤ አራተኛውም ግሪክ ይሆናል። በዚህ ቍጥር ትንሹ ቀንድ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ167 ዓመት የኢየሩሳሌምን መቅደስ ያረከሰው አንጥያኮስ ኤጲፋንዮስ ነው። ፖርፊርዮስ የተባለ የክርስቲያን ተቃዋሚ ፈላስፋ በዚህ ተመርኵዞ መጽሐፉ በአንጥያኮስ ዘመን የተጻፈ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ሄሮኒሞስም በ407 ዓመት ገደማ በጻፈው ትርጓሜ መለሰለት። ዛሬም ከታሪክ መርማሪዎች ብዙዎቹ አራተኛው የግሪክ መንግሥት ነው ይላሉ። ሜዶንና ፋርስ አንድ ናቸው የሚሉት ደግሞ ስምንተኛውን ምዕራፍ ይጠቅሳሉ፤ በዚያ መልአኩ ራሱ ሁለት ቀንድ ያለው አውራ በግ የሜዶንና የፋርስ ነገሥታት፤ ፍየሉም የግሪክ ንጉሥ እንደ ሆነ ገልጧል። መልአክ የፈታውን ሰው አይፈታውም፤ መልአክ ዝም ያለበት ግን አንድም የሚባልበት ስፍራ ነው።

በዚህ ክርክር መካከል ኢትዮጵያን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው ይገኛል። ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት፤ ዐፄ ካሌብ ወደ ሐመር ለመዝመት በሚሰናዱበት ወራት፤ አዱሊስ ነበረ። ከላይ የተነገረውን የበጥሊሞስን ጽሕፈት በንጉሡ ትእዛዝ የአዱሊስ ሹም ሲያስገለብጠው ገልባጩ ይኸው ኮስማስ ነው፤ ድንጋዩ ዛሬ ባይገኝም ቃሉ በእርሱ መጽሐፍ ተጠብቆ ቀረ። በኋላም መነኵሴ ሆኖ በጻፈው በዚሁ መጽሐፍ የዳንኤልን ራእይ ተረጐመ። የግሪክን መንግሥት አራተኛ አድርጎ ሮምን ከአራዊት ቍጥር አወጣት። ስለ ምን ቢሉ፤ ክርስቶስ የተወለደው በሮም ቄሣር ዘመን ነው፤ ሮምም ቀድማ አመነች፤ ስለዚህ የእርሱን መንግሥት ክብር ትካፈላለች፤ አትሸነፍም ሲል ነው። እርሱ ራሱ የሮም ቄሣር ዜጋ ነበረ። ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል አለፈ፤ በ1453 በአውሮፓውያን ቈጠራ ቍስጥንጥንያ ወደቀች፤ የማትሸነፍ የተባለችው ተሸነፈች። ኮስማስ የተሳሳተው ቍጥር ስላላወቀ አይደለም፤ የሱርስቱ ሊቃውንትም በዚያው ቍጥር ይሄዳሉና። የተሳሳተው የገዛ ንጉሡን ከፍርድ በላይ ስላደረገ ነው።

ይህ ፈተና የኮስማስ ብቻ እንዳልሆነ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የያዘቻቸው መጻሕፍት ራሳቸው ያስተምራሉ። መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 85 እስከ 90 የዓለምን ታሪክ ሁሉ በእንስሳና በአራዊት መልክ ይተርካል። አዳም ነጭ በሬ ነው፤ ያዕቆብ ነጭ በግ፤ እስራኤል የበጎች መንጋ፤ ግብፃውያን ተኵላዎች፤ ኤሳው የዱር እሪያ ነው። በኋላም አንበሶችና ነብሮች፤ ተኵላዎችና ጅቦች በጎቹን ይበላሉ፤ ከዚያም ንስሮችና ቍራዎች ይመጣሉ። ይህ መጽሐፍ ሙሉው የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ በ1764 ዓ.ም. ሲወጣ ከያዛቸው መጻሕፍት መካከል ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ፤ አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ፤ አንዱ ለኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ደረሰ። ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 በአውሮፓውያን ቈጠራ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ከዚያ ከመቶ ሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የአራማይስጥ ቍራጮቹ ተገኙ፤ የግእዙ መጽሐፍ ከጥንታዊ ምንጭ የመጣ መሆኑም ተመሰከረ። ከሄኖክ የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው። በጎች የተባሉት ያው እስራኤል ሲታወሩ፤ መንገድ ሲስቱና ሲቀጡ ይነገራል፤ በግ መባል ከስሕተት አያድንም።

ዕዝራ ሱቱኤል ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ይቀርባል። ዕዝራ ዐሥራ ሁለት ክንፍና ሦስት ራስ ያለው ንስር ከባሕር ሲወጣ፤ በምድር ሁሉ ላይም ሲገዛ አየ። ከዱር የወጣ አንበሳም በሰው ድምፅ ንስሩን ገሠጸው፤ ግፉን ሁሉ ዘረዘረበት፤ ንስሩም ተቃጠለ። መልአኩ ሲፈታለት ንስሩ ለወንድሙ ለዳንኤል የታየው አራተኛው መንግሥት እንደ ሆነ፤ ለዳንኤል ግን እንዲህ እንዳልተገለጠለት ነገረው፤ አንበሳውም መሲሕ ነው። እንግዲህ በዳንኤል ባቢሎን የነበረ አንበሳ በዕዝራ መሲሕ ሆነ። በዮሐንስ ራእይም የይሁዳ አንበሳ መጣ ሲባል ዮሐንስ ያየው እንደ ታረደ በግ ነው። በጴጥሮስ መልእክት ደግሞ የሚውጠውን ፈልጎ የሚያገሣ አንበሳ ዲያብሎስ ነው። አንድ አውሬ፤ አራት ፍቺ። አንበሳ ጌታ ነው የሚል ብቻውን አልተሳሳተም፤ አንበሳ ሁሉ ጌታ ነው የሚል ግን ተሳስቷል።

ይህ ቃል ለመኳንንትና ለነገሥታት ጆሮ ይከብዳል። በ19ኛው መቶ ዓመት የነገሡት የኢትዮጵያ ነገሥታት በማኅተማቸው አንበሳ ቀርጸዋል፤ ከይሁዳ ነገድ ነን ማለታቸውም እስከ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፤ ዘውዱ እስከ ወደቀበት ቀን ድረስ ዘልቋል። ማኅተሙ የጌታን አንበሳነት ለማስታወስ ከሆነ መልካም ነው። ነገር ግን የማኅተም አንበሳ የዳንኤልም አንበሳ ሊሆን እንደሚችል ጎንደር በራስዋ አይታለች።

ታሪክ። ዐፄ ቴዎድሮስ በዘመነ መሳፍንት የተበተነችውን አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ፤ ከጎንደር በስተ ምዕራብ ከቋራ የወጡ፤ በገዳም ፊደል የቈጠሩ ንጉሥ ነበሩ። ያሰቡት ታላቅ ነበር፤ የወደዳቸውም ብዙ ነበር። ነገር ግን አገሩ በሸፈተባቸውና ቍጣ ባየለባቸው ጊዜ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መዘበሩ፤ በ1859 ዓ.ም. ከተማይቱን አቃጠሉ። ከአብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡት መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ፤ ንጉሡም በመቅደላ ሲሞቱ ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደ ለንደን ሄዱ፤ እስከ ዛሬም በዚያ አሉ። በጎንደር የትርጓሜ ጉባኤ ቆመው ያነበቧቸው ብራናዎች ባሕር ተሻግረው ቀሩ። ይህን ያደረገ ባቢሎን አይደለም፤ ፋርስም አይደለም፤ በስመ ሥላሴ የተቀባ የአገር ንጉሥ ነው።

ከዚያ በኋላ ሃያ አንድ ዓመት አለፈ። በ1880 ዓ.ም. በጥር ወር አቡ አንጃ የደርቡሽን ጦር ይዞ በሳር ውኃ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት ድል ነሥቶ ጎንደር ገባ፤ የቀረውን አቃጠለ፤ ሕዝቡን ፈጀ፤ ማርኮም ወሰደ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከጥፋቱ ተረፈች፤ በጣሪያዋ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ዛሬም የገባውን ሁሉ ይመለከታሉ። ጎንደር እንግዲህ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጠለች፤ አንድ ጊዜ በራስዋ ንጉሥ፤ አንድ ጊዜ በባዕድ። ሁለተኛውን አውሬ ብሎ ፊተኛውን ዝም ማለት ትርጓሜ አይደለም፤ አድልዎ ነው።

ሦስተኛው መከራ ሮም ራስዋ ናት። የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. የገባው ሥልጣኔ አመጣለሁ፤ ባርነትን እሽራለሁ እያለ ነው። አውሮፕላኖቹ ግን የመርዝ ጢስ አዘነቡ፤ ኢጣልያ በ1925 በአውሮፓውያን ቈጠራ በጄኔቫ የመርዝ ጋዝ በጦርነት እንዳይደረግ የተቈረጠውን ውል የፈረመች ስትሆን። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በአደባባይ ተረሸኑ፤ በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተፈጁ። ከገዢዎቹ ዓርማዎች አንዱ የጥንት ሮማውያን ንስር ነበረ፤ የኢትዮጵያ ዘውድ ዓርማ አንበሳ ነበረ። ዕዝራ ሱቱኤልን ያነበበ ሰው ንስሩን ሮም፤ አንበሳውን የኢትዮጵያ ዘውድ ለማለት ምን ያህል እንደሚቀርብ አንባቢ ያስተውል። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ሮም ከኢትዮጵያ ወጣች፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የመጨረሻው ታላቅ ጦርዋ እዚሁ ጎንደር እጁን ሰጠ። ቃሉ ተፈጸመ ለማለት የሚያስችል ይመስላል።

ነገር ግን እንዲህ የሚል ሰው በኮስማስ መንገድ ሄዷል። ኮስማስ የራሱን መንግሥት ከአውሬ ቍጥር አወጣ፤ ይህም የራሱን መንግሥት በመሲሑ ስፍራ ያስቀምጣል። የዕዝራ አንበሳ መሲሕ ነው እንጂ በአዲስ አበባ የተቀመጠ ዘውድ አይደለም፤ ያም ዘውድ ሮም ከወጣች ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ አለፈ። አራተኛውም አውሬ በዘመኑ የነበረ መንግሥት ነው፤ በ1928 ዓ.ም. የመጣው ጦር ግን በስም የወረሰው፤ በዘመን የራቀው ነው። ታዲያ የዳንኤል ቃል ለዚያ ዘመን ምንም አይናገርም ወይ ቢሉ፤ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን በስም ሳይሆን በምልክት ነው።

ምልክቱ የትኛው ነው ቢሉ፤ በራእዩ ውስጥ ተጽፏል። ፊተኛው አውሬ የሰው ልብ ተሰጠው። የመጨረሻዋ ቀንድ ደግሞ የሰው ዓይንና አፍ ነበራት፤ የሰው ልብ እንደ ነበራት ግን አልተነገረም። ዓይን ብልሃት ነው፤ አፍ አዋጅ ነው፤ ልብ ምሕረት ነው። ብልሃትና አዋጅ ያለው፤ ምሕረት የሌለው መንግሥት ቀንዲቱን ይመስላል። ሥልጣኔ እያለ የመርዝ ጢስ የሚያዘንብ ይመስላታል። አንድነት እያለ የገዛ አገሩን መቅደስ የሚያቃጥልም ይመስላታል። አንበሳው ግን ከአውሬነት ወደ ሰውነት የተመለሰው ኀይል ሲጨመርለት አይደለም፤ ክንፉ ሲነቀልና በእግሩ ሲቆም ነው። ናቡከደነፆር መንግሥቱ የተመለሰለት ፈራጅ ከላዩ እንዳለ ባወቀ ጊዜ ነው። እንግዲህ አውሬነት ለአንድ ሕዝብ የተጻፈ ዕጣ አይደለም፤ የሰው ልብ የተቀበለ ሁሉ ይወጣበታል፤ የሰው ልብ የጣለ ሁሉ ይገባበታል። መንግሥቱን ለዘለዓለም የተቀበለው በአንበሳም በንስርም መልክ ያልታየው፤ የሰው ልጅ የሚመስለው መሆኑ ስለዚህ ነው።

ራእይን ለሚተረጕም ሰው ከዚህ ሁሉ አራት ነገር ይቀርለታል። መልአክ የፈታውን እንደ ተፈታ ይያዝ። መልአክ ዝም ባለበት የአበውን ቍጥር ሁሉ ያቅርብ፤ አንዱን ይዞ ሌላውን አያዋርድ። የዘመኑን ታሪክ በዓመቱና በስሙ ይወቅ፤ ዮሴፍ ወልደ ኮርዮንና ጊዮርጊስ ወልደ ዐሚድ በግእዝ የተነበቡት ለዚህ ነው። ከሁሉም በላይ የራሱን ንጉሥና የራሱን ወገን ከአራዊት ቍጥር ለማውጣት አይቸኵል፤ መጽሐፉ የተነበበው ባለ ዘውዱ በተቀመጠበት ከተማ ነውና፤ መምህሩ ዝም ካለ የሚናገር የለም።

በጎንደር ፒያሳ ሰው ይገበያያል፤ ይገባል፤ ይወጣል። ስሙን ያወጡት ሄደዋል። በግቢው የአንበሳ ቤት ያገሡ የነበሩት አንበሶችም የሉም፤ ግንቡ ብቻ ቆሟል። ሁለቱም መንግሥት ነን ያሉበት ዘመን አለፈ። ከሁለቱ መካከል የሚያልፍ ሰው፤ ካህን ቢሆን ባለ ሥልጣን፤ የሚጠየቀው አውሬው ማን ነበረ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ የተሰጠህ የሰው ልብ የት አለ ተብሎ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።